የሸክላ ሰብሳቢው ውለታ

እ.ኤ.አ. በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ በፎኖግራፍ የተቀዳ የድምፅ መልእክት ላኩ። ድምፁ ያረፈበት የሰም ጥቅልል ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ አስቀድሞ ታዝዞ ነበርና እንደታዘዘው ጠፋ። ምኒልክና ጣይቱ በድምፃቸው የሰጡት መልስ ግን እንግሊዝ አገር ደርሶ ተቀመጠ፤ የሁለቱ ድምፅ ዛሬም የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱም መልእክቶች የተቀዱት በአንድ ዓይነት መሣሪያ ነው፤ ክብደታቸውም የተራራቀ አልነበረም። ዕጣቸውን የለየው ዕቃውን በእጁ ያቆየ ሰው መኖሩና አለመኖሩ ብቻ ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክርም ከዚሁ ይነሣል። በስልክ ላይ ሚሊዮን ዘፈን በሚገኝበት ዘመን ሸክላ የሚሰበስብ ሰው ብዙ ጊዜ ትዝታ ያሰረው፣ ወይም ገንዘብ የተረፈው ሆኖ ይታያል። በእኔ አመለካከት፣ ቢያንስ በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ረገድ፣ ይህ ሰው የታሪክ ማስረጃ ጠባቂ ነው፤ በስልኩ የምንሰማውም ሙዚቃ ቢሆን የቆመው በእሱና በመሰሎቹ ትከሻ ላይ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው።)

ኢትዮጵያዊ ድምፅ በሸክላ ላይ ያረፈው ሸክላ ራሱ በዓለም ገበያ ገና በአፍላነቱ ሳለ ነው። ኋላ ነጋድራስ የተባሉት ተሰማ እሸቴ በ1908 ገደማ፣ በምኒልክ ዘመን፣ ስለ አውቶሞቢል ሊማሩ ጀርመን በሄዱበት አጋጣሚ ዘፈኖቻቸውን ለሸክላ አስቀዱ። ተሰማ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ለረጅም ዓመታት የመሩት የይድነቃቸው ተሰማ አባት ናቸው፤ ባለቅኔነታቸውና ጨዋታ አዋቂነታቸው ግን በራሱ የሚወሳ ነው። ከዚህ ጅማሬ በኋላ መንገዱ ሰፊ ይሆናል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ይሳሳታል። በ1935 የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1948 በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም ብቸኛ መብት ተሰጠው፤ ማኅበሩም በመብቱ ብዙም አልሠራበትም። በዚያው ዘመን የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስና የማዘጋጃ ቤት ባንዶች በናስ መሣሪያ የተሞላውን አዲስ ሙዚቃ እያጎለመሱት ነበር። ሙዚቀኞቹ የመንግሥት ደመወዝተኞች ናቸው፤ ሥራቸው የሚሰማው በመድረክና በሬዲዮ ነው። አንድ ዘፈን ከተዘፈነበት ምሽት ወዲያ የሚቆየው ሬዲዮ ጣቢያው በቴፕ ቀድቶ ካስቀረው ብቻ ነበር፤ ያም ቴፕ በሕዝብ እጅ አይገባም።

ይህን የሰበረው በ1969 አምሃ ሬከርድስን ያቋቋመው አምሃ እሸቴ ነው። የሙዚቃ ቤት ነጋዴ ነበርና ከውጭ የሚገባውን ሸክላ ገዢው ምን ያህል እንደሚሻማበት ያውቃል። የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቸኛ መብት በወረቀት ላይ ገና እንዳለ የራሱን ሸክላ አሳተመ። ይህ በጊዜው ሊያሳስር የሚችል ድፍረት ነበር። አለማየሁ እሸቴ የዘፈነው የመጀመሪያው ሥራ የታተመው ህንድ ነው፤ ቀጥሎ ሊባኖስ፣ ከዚያም ግሪክ የአዲስ አበባን ዘፈን አተሙ። የተቀዳው ቴፕ ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል፣ ሸክላው በካርቶን ታሽጎ ይመለሳል። አምሃ በ1975 አገር ጥሎ ወደ አሜሪካ እስኪሄድ ድረስ 103 ነጠላ ሸክላና 12 ኤልፒ አወጣ። የእሱን መንገድ አይቶ ፊሊፕስ ገባ፤ ሕዝቡ አሊ ታንጎ የሚለው አሊ አብደላ ካይፋም ካይፋ ሬከርድስን ይዞ ቀረበ። ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለ፣ ማሕሙድ አህመድ፣ ሂሩት በቀለ፣ ጌታቸው መኩሪያ፣ ሙላቱ አስታጥቄ ሥራዎቻቸው በቤት ውስጥ ማጫወቻና በቡና ቤት ጁክ ቦክስ የተሰሙት በዚህ ዘመን ነው። ዘመኑ ግን አጭር ነበር። ፈረንሳዊው ተመራማሪ ፍራንሲስ ፋልሴቶ እንደቆጠረው ከ1969 እስከ 1978 ድረስ የወጣው በሙሉ ወደ 500 ነጠላ ሸክላና ወደ 30 ኤልፒ ነው። ከዚያ በኋላ አገሪቱ ሸክላ ማሳተሟን አቆመች።

የቆመበት ምክንያት ከአንድ በላይ ነው። አብዮቱ መጣ፤ የሰዓት እላፊው የምሽት ክበቦችን ትንፋሽ ለዓመታት ቆረጠ፤ አሳታሚው ተሰደደ፤ ካሴትም ደረሰ። ካሴት በአገር ውስጥ ይባዛል፣ ይረክሳል፣ ውጭ አገር የሚገኝ ማተሚያም አይፈልግም። ገበያው ፊቱን ሲያዞር የቀሩት ሸክላዎች የማንም አደራ አልነበሩም። በየቤቱ፣ በየመጠጥ ቤቱ፣ በየሙዚቃ ቤቱ ጓዳ ቀሩ። በ1984 ፋልሴቶ አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰ ወዳጁ ያመጣውን የማሕሙድ አህመድ ሸክላ ፈረንሳይ ውስጥ ሰማ። በሰማው ተገርሞ በዓመቱ ራሱ መጣ። በ1986 የብራስልሱ ክራምድ ዲስክስ «ኧረ መላ መላ»ን አሳተመ፤ በ1997 ደግሞ ቡዳ ሙዚክ ኢትዮፒክስ የተባለውን ተከታታይ ጀመረ። ተከታታዩ በተለይ ከአምሃ እሸቴ ጋር በተደረሰ ስምምነት ላይ ቆሞ ሠላሳኛው ክፍል ድረስና ከዚያም ዘለቀ። በ2005 ጂም ጃርሙሽ የሙላቱን ሙዚቃ «ብሮክን ፍላወርስ» በተሰኘው ፊልሙ ሲያሰማ፣ ኢትዮጵያን በካርታ ላይ ማመልከት የማይችል ሰው እንኳን ያንን ቅኝት ለየው። ዛሬ በስልክ የሚፈሰው «የወርቃማው ዘመን» ሙዚቃ ታሪኩ ወደ ኋላ ሲፈተሽ አንድ ሰው ከአዲስ አበባ ይዞት ከሄደው አንድ ሸክላ ይደርሳል። ያ ሸክላ ተጥሎ ቢሆን ኖሮ ሌላ መንገድ ይገኝ ነበር ይሆናል፤ የተገኘው መንገድ ግን ያ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ፣ ዘፈኑ አንዴ ወደ ዲጂታል ከተገለበጠ ሸክላው ከዚያ ወዲያ ምን ያደርጋል ሊል ይችላል። መልሱ ሸክላው ከድምፁ በላይ የሚይዘው ነገር መኖሩ ነው። «ኧረ መላ መላ» አዲስ አበባ ላይ የወጣው በ1975 ነው፤ በዓለም የታወቀው በ1986 ቅጂ ነው። የሙዚቃ መተግበሪያዎች ዘፈን ሥር የሚያኖሩት ዓመት አብዛኛውን ጊዜ የቅጂው እንጂ የመጀመሪያው ኅትመት ዓመት አይደለም። ያንን ዓመት ያመነ የታሪክ ተማሪ ንጉሡ በወረዱ ማግስት የተሠራን ዘፈን ወስዶ ከ1977 ረሃብ በኋላ ባለው ኢትዮጵያ ውስጥ ያስቀምጠዋል ማለት ነው። (ይህኛው ዓመት ብቻ በእኛው አቆጣጠር ነው።) ግጥሙን፣ ድምፁን፣ ዘመኑን በአንድ ላይ የሚያነብ ሰው እዚህ ላይ ሙሉ ትርጓሜው ይገለበጥበታል። በሸክላው መካከል ያለው ክብ ወረቀት ግን የአሳታሚውን ስም፣ ተከታታይ ቁጥሩን፣ የዘፋኙን፣ ብዙ ጊዜም የባንዱንና የአቀናባሪውን ስም ይዟል። የአምሃ ሸክላዎች ቁጥር የሚጀምረው በራሱ ስም የላቲን ፊደላት ነው፤ የካይፋም እንዲሁ የራሱ መለያ አለው። እነዚህን ቁጥሮች በተርታ ያስቀመጠ ሰው ማን ማንን እንደቀደመ፣ አንድ ድምፃዊ ከየትኛው ባንድ ወደ የትኛው እንደተሻገረ፣ አንድ አቀናባሪ በየትኛው ጊዜ ሥራ እንደበዛበት መከተል ይጀምራል። መርፌው ከዘፈኑ ወጥቶ በባዶ በሚዞርበት ጠርዝ ላይ ደግሞ የማተሚያው ቁጥር ተጭሮ ይገኛል፤ የትኛው ፋብሪካ እንዳተመው የሚያመለክተው ያ ነው።

ግርማ በየነ ለዚህ የተሻለው ምስክር ይመስለኛል። በድምፁ የተወልን ዘፈን በጣት የሚቆጠር ነው፤ በፒያኖውና በአቀናባሪነቱ ግን የዚያን ዘመን ድምፅ ከቀረጹት ከመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ፤ ለረጅም ዓመታትም ነዳጅ ማደያ ውስጥ ሠርቶ ኖረ። ዘፈን በዘፋኙ ስም ብቻ በሚፈለግበት ሥርዓት ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው አይታይም፤ ስልኩ «አለማየሁ እሸቴ» ይላል፣ ከጀርባ ያለውን ሰው አይጠራም። በሸክላዎቹ ላይ ስሙ ደጋግሞ መታየቱን ያስተዋሉ ሰብሳቢዎችና ተመራማሪዎች ባይኖሩ በ2017 በኢትዮፒክስ ሠላሳኛ ክፍል ከአካሌ ውቤ ባንድ ጋር ዳግመኛ መቅረቡን ማን ያስበው ነበር? ሸክላው የዘፈኑን ቅርፅም ይመሰክራል። ነጠላ ሸክላ በአንድ ፊቱ የሚይዘው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ረዘም ያለ ነገር ያለው ባንድ ዘፈኑን በፊትና በጀርባ ይከፍለዋል፣ ወይም መግቢያውን ያሳጥራል። ጌታቸው ካሣ ትዝታን አንዴ በዝግታ አንዴ በፍጥነት ሲጫወት ሁለቱ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩ ሥራዎች ናቸው፤ አንዱ በሌላው አጠገብ ካልተሰማ የአቀናባሪው ሐሳብ ይጎድላል። የስልኩ ዝርዝር እንደፈለገ ሲቀያይራቸው ንግግሩ ይቋረጣል።

በስትሪሚንግ ላይ ጠብ የለኝም። ዱባይ ያለች እህት ከሥራ መልስ ብዙነሽን፣ ቴል አቪቭ ያለ ወጣት ወላጆቹ የሚያወሩለትን ጥላሁንን፣ ጎንደር ያለ ተማሪ ሙላቱን በአንድ ጊዜ የሚሰማበት ሌላ መንገድ በታሪክ አልነበረም። ሸክላ በራሱ ዘመን የከተማ ሰው ዕቃ ነበር፤ ማጫወቻ መግዛት የሚችል ቤት ጥቂት ነው። በ2019 በአገር ውስጥ የሙዚቃ ሰዎች የተጀመረው አውታር መተግበሪያም ዘፈን ተሰርቆ በሚባዛበት ገበያ ለባለሙያው ገቢ ለማስገኘት የተደረገ ሙከራ ነው፤ ዓላማው የሚከበር ነው። እኔ የምለው መዳረስና መጠበቅ ሁለት ሥራዎች መሆናቸውን ነው። ስትሪሚንግ የመጀመሪያውን በሚገባ ይሠራል፤ ሁለተኛውን ለመሥራት ቃል የገባበት ቦታ የለም። የተሰጠውን ፋይል ያሰማል፣ ውሉ ሲያልቅ ያወርዳል።

ዲጂታል ነገር አይጠፋም የሚለው እምነት ደግሞ በቅርብ ዓመታት ብዙ ተፈትኗል። ማይስፔስ የተባለው ድረ ገጽ እስከ 2015 ድረስ ሰዎች ያኖሩበትን ሙዚቃ ወደ ሌላ ማከማቻ ሲያዛውር ማጥፋቱን በ2019 አመነ፤ የጠፋው 50 ሚሊዮን ዘፈን እንደሚደርስ ተገምቷል። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ዋናውን ቴፕ አጥብቀው ይይዛሉ የሚለውም ቢሆን አስተማማኝ አይደለም፤ በ2008 ሆሊውድ ባለው የዩኒቨርሳል ግቢ በደረሰ ቃጠሎ ብዙ ዋና ቴፖች መቃጠላቸው ለሕዝብ የተገለጠው ከ11 ዓመት በኋላ ነው። በእነዚያ አገሮች ጠንካራ ቤተ መዛግብት፣ ብዙ ቅጂ፣ ብዙ ገንዘብ አለ። በእኛ በኩል ዋናው ቴፕ በጠፋ ቁጥር የሚቀረው ምንጭ ሸክላው ነው፤ ሸክላውም በሺዎች እንጂ በሚሊዮኖች የታተመ አይደለም።

በድምፅ ጥራት በኩል የሚነሣውን ክርክር ግን አልደግፍም። ሸክላ ከዲጂታል የበለጠ «እውነተኛ» ድምፅ አለው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ በልኬት ከተኬደ ሲዲ ራሱ ከሸክላ የሰፋ የድምፅ ክልልና ያነሰ ሹክሹክታ አለው። የአዲስ አበባ ሸክላዎች ደግሞ በውስን መሣሪያ የተቀዱ ናቸው፤ አንዳንዱ ኅትመትም ሻካራ ነው። ሙቀቱን የሚወድ ይውደድ፤ እኔ የምከራከርለት ሰብሳቢ ግን ሥራው በጆሮ ጣዕም ላይ አይመሠረትም። በአሜሪካና በአውሮፓ የተነሣውም የሸክላ ትንሣኤ ከእኛ ጉዳይ ጋር መምታታት የለበትም። በአሜሪካ በ2022 የተሸጠው ሸክላ 41 ሚሊዮን ሆኖ ከ1987 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሲዲውን 33 ሚሊዮን በልጧል። ይህ በአብዛኛው አዲስ ኅትመት ነው፤ ዘፋኙ ዛሬ ቢፈልግ ነገ መልሶ ያሳትመዋል። በ1971 ቤይሩት ውስጥ የታተመ ነጠላ ሸክላ መልሶ አይታተምም፤ ቅጂው ብቻ ይወጣል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ሰብሳቢዎቹ ራሳቸው ሸክላውን ከአገር አስወጥተውታል፤ ታሪክ ጠበቁ ሲባል ታሪክ ሸጡ። ይህ ብዙ እውነት አለው። የኢትዮፒክስ ዝና ከተሰማ በኋላ የአዲስ አበባ ሸክላ በፓሪስ፣ በቶኪዮ፣ በኒውዮርክ ተፈላጊ ሆነ፤ ዛሬ አንዳንዱ ነጠላ ሸክላ በብዙ መቶ ዶላር ይሸጣል። ይህ ዋጋ ለዘፋኙ ወይም ለቤተሰቡ ሳንቲም አያስገባም፤ ሸክላውንም በአገሩ ላለ ተመራማሪ የማይቀመስ ያደርገዋል። ገዝቶ በመደርደሪያ የሚቆልፍ፣ ማንም እንዳያየው የሚደብቅ ሰው የእኔ ክርክር አይሸፍነውም። እሱ የያዘው ዕቃ ለታሪክ ከጠፋ ዕቃ ብዙም አይለይም። ሆኖም ተቃውሞው የሚረሳው ነገር አለ። ሸክላው ዋጋ ከማግኘቱ በፊት በነበሩት ሃያ ዓመታት ማንም ተቋም ይዤ ላቆየው አላለም፤ ማጫወቻው ሲበላሽ ሸክላውም ከጥቅም ውጭ ሆነ። ከዚያ ዘመን የተረፈው ሊተርፍ የቻለው የቡና ቤት ባለቤት፣ የሙዚቃ ቤት ነጋዴ፣ አባቱ የተወለትን ላለመጣል ያመነታ ልጅ ስለያዙት ነው። እነዚህም ሰብሳቢዎች ናቸው፤ ስማቸው በጨረታ ገጽ ላይ ባይወጣም። ከአገር የወጣውን በተመለከተ ዕቃው ራሱ ባይመለስ እንኳን በላዩ ያለው መረጃ ሊመለስ ይችላል፤ በተስማሙ ሰዎች መካከል የሁለት ፊት ፎቶግራፍና ጥሩ ቅጂ ድንበር አያግደውም።

ካሴቱስ የሚል ሰው ካለ ትክክል ነው። ከሸክላው በብዙ እጥፍ የሚበልጠው የኢትዮጵያ ሙዚቃ በካሴት ላይ ነው፤ ካሴት ደግሞ ከሸክላ በባሰ ፍጥነት ይበላሻል። የኃይሉ መርጊያ የ1985 ሥራ በ2013 በኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ ዳግመኛ ሊታተም የቻለው አሳታሚው ካሴቱን ባሕር ዳር ገዝቶ ስላገኘው ነው፤ ኃይሉ በዚያን ጊዜ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዳ ነበር። ስለዚህ ስለ ሸክላ የምለው ስለ ካሴትም ይሠራል። ከሸክላው እንጀምር የምለው ቁጥሩ ስለሚቻል ነው።

ወደ 530 የሚጠጋ ኅትመት ለአንድ ተቋም፣ ለጥቂት ትጉህ ሰዎች እንኳን፣ የሚያልቅ ሥራ ነው። ወመዘክር አለ፤ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ፤ በዋሽንግተንና በአውሮፓ ስብስባቸውን በጥንቃቄ የያዙ ኢትዮጵያውያን አሉ። የእያንዳንዱን ሸክላ ፊትና ጀርባ ፎቶ ማንሣት፣ የተጫረውን የማተሚያ ቁጥር መመዝገብ፣ ስሞቹን በግዕዝ ፊደል በትክክል መጻፍ፣ ከሁለትና ከሦስት ቅጂ የተሻለውን መርጦ መቅዳት ነው ሥራው። ወረቀቱ የማይነግረንን የሚነግሩን ሰዎች ግን እየተመናመኑ ነው። አምሃ እሸቴ በሚያዝያ 2021 አረፈ፤ አለማየሁ እሸቴ በዚያው ዓመት መስከረም ተከተለው። በየትኛው አዳራሽ እንደተቀዳ፣ ሳክስፎኑን ማን እንደነፋ፣ ስሙ ያልተጻፈው ጊታሪስት ማን እንደነበረ ሊናገሩ የሚችሉ ጥቂቶች ቀርተዋል፤ መጠየቅ ያለባቸውም አሁን ነው። ለሥራው የሚፈለገው ዕቃ ብዙ አይደለም፦ አንድ ስካነር፣ ደኅና መርፌ ያለው ማጫወቻ፣ የመዝገብ ሰንጠረዥ። የሚከብደው የባለሸክላዎቹን እምነት ማግኘት ነው፤ ብዙዎቹ «ላንድ ቀን አውሱን» ተብለው ዕቃቸው ሳይመለስላቸው ቀርቷልና። ስለዚህ መዝጋቢው ወደ ሸክላው ይሂድ፤ ማጫወቻውን ተሸክሞ በባለቤቱ ሳሎን ይቅዳ፤ ሸክላውን ከመደርደሪያው ባወጣበት ሰዓት መልሶ እዚያው ያስቀምጥ፤ ከቅጂው አንዱን ለባለቤቱ ትቶ ይውጣ።